ድመቶች በጋሪ የወሰዱኝ ቀን

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ከገባሁ ሦስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። የሥራ ፈቃዴ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ ሥራዬ ሁለት ነው፤ ዕቃ ማጠብና ሶፋ ላይ መቀመጥ። አንድ ጠዋት በረዶ ጣለና ትምህርት ቤት ተዘጋ። የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ፕሌይ ስቴሽኑን ከፈተና «አጎቴ፣ አንተም ተጫወት እንጂ» አለኝ።

እኔ የማውቀው ጌም ኳስ ብቻ ነው። እሱንም ሰፈራችን ፕሌይ ስቴሽን ቤት፣ ተሸናፊ ይከፍላል እየተባለ። ሁልጊዜ ማን ይከፍል እንደነበር እዚህ ማንሳት አያስፈልግም።

ይኼኛው ሞንስተር ሀንተር ወርልድ ይባላል። ካፕኮም የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በፈረንጆች 2018 ያወጣው ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ጫካ ገብተህ ቤት የሚያክል አውሬ ታድናለህ። ከቆዳውና ከአጥንቱ ልብስና መሣሪያ ታሠራለህ። ከዚያ ያንን ለብሰህ ከሱ የባሰ አውሬ ልታድን ትሄዳለህ። እህቴ ከኩሽና ሆና ስትሰማ «እንደ እኛ ኑሮ ነው በለኛ! መኪና የምገዛው ሥራ ለመሄድ፣ ሥራ የምሄደው የመኪናውን ለመክፈል» አለች።

መጀመሪያ መሣሪያ ምረጥ ተባልኩ። 14 ዓይነት አለ። ጦር አለ፣ መዶሻ አለ፣ ቀስት አለ፣ እየነፋህ የምትማታበት መለከት ሁሉ አለ። ልጁ እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ መከረኝ።

«አጎቴ፣ ለጀማሪ ሰይፍና ጋሻ ጥሩ ነው። ቀላል ነው። ትመታለህ፣ ትከላከላለህ። ሰይፉን ሳትመልስ መድኃኒት መጠጣት ትችላለህ። ሌሎቹ እንደዚያ አይደሉም።»

ሰይፉን አየሁት። የሽንኩርት ቢላዋ ነው የሚመስለው። ከጎኑ ደግሞ ግሬት ሶርድ የሚሉት ትልቅ ሰይፍ አለ። ጌሙ ውስጥ የምታጫውተውን ሰውዬ ቁመት ያክላል። ጀርባው ላይ ሲያዝለው በር ነቅሎ የሚሄድ ይመስላል። ልቤ እዚያ ቀረ።

«እኛ የአድዋ ልጆች ነን። በጋሻ አንከለልም» አልኩት።

ልጁ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለውን የአድዋ ሥዕል ቀና ብሎ አየ። «እነሱ ጋሻ ይዘዋል እኮ» አለ።

መልስ አልሰጠሁትም። ግሬት ሶርዱን ያዝኩ።

የመጀመሪያው አውሬ ግሬት ጃግራስ ይባላል። ትልቅ እንሽላሊት ነው፤ ሌላ እንስሳ ሙሉውን ሲውጥ ሆዱ እንደ ከረጢት ይነፋል። የጌሙ የጀማሪ ፈተና እሱ ነው። ግሬት ሶርድ ደግሞ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ቁልፏን ተጭነህ ትይዛለህ፣ ኃይሉ በሦስት ደረጃ ይጨምራል፣ ሦስተኛው ላይ ስትለቅ ይወርዳል። ችግሩ እኔ ሦስት እስክቆጥር እንሽላሊቱ ጉዳዩን ጨርሶ ሌላ ቦታ ሄዷል። አፈሩን ቆፈርኩት። መሬቱ ቢታረስ ኖሮ ያን ቀን ጤፍ ይዘራበት ነበር።

በመጨረሻ ልጁ ሰይፍና ጋሻውን አስያዘኝና እንሽላሊቱ ሞተ። እሱን አልቆጥረውም። ዓይኔ ግሬት ሶርዱ ላይ ነው።

ቅዳሜ ማታ ጉድ ፈላ። ልጁ ከሦስት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት ተገናኝቶ አንጃናት የሚባል አውሬ እያደነ ነበር። አንጃናት የዳይኖሰር ዘር የሚመስል፣ ሲናደድ አፍንጫው የሚከፈት፣ እሳት የሚተፋ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እሱ ላይ ነው። አንድ አደን ሃምሳ ደቂቃ ይሰጠዋል። እነሱ ግማሽ ሰዓት ታግለው አውሬው ማነከስ ጀምሯል። ልክ እዚህ ላይ እህቴ ከውጭ ተጣራች። መኪናዋ በረዶ ውስጥ ገብታለች፣ አካፋ ይዘህ ና።

«አጎቴ፣ ጌሙ ላይ ካምፕ ድንኳን ውስጥ ነኝ። ያዝልኝ። አምስት ደቂቃ። ምንም አትንካ።»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካልኝና ሮጠ።

አልነካም ብዬ ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ግን ድንኳኑ ውስጥ ሣጥን አለ። ሣጥኑን ስትከፍት መሣሪያ መቀየር ይቻላል። እዚያ ውስጥ ደግሞ የልጁ ግሬት ሶርድ አለች፤ የተሻሻለች፣ የምታብረቀርቅ። ብቻ ላያት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ልንገራችሁ። በዚህ ጌም ሰው አይሞትም፣ ይዝለፈለፋል። ድመቶች መጥተው በጋሪ ጭነውህ ካምፕ በር ላይ እንደ ከሰል ጆንያ ይደፉሃል። ቡድኑ ሁሉ አንድ ላይ ሦስት ጊዜ ከተደፋ አደኑ ተበላሸ፤ ሽልማት የለም።

አንደኛው ጋሪ፦ ሮጬ ደረስኩ፣ ሰይፉን አነሳሁ፣ አንድ፣ ሁለት... እሳት። ጋሪ።

ሁለተኛው ጋሪ፦ ይኼ ነው የሚያሳፍረው። ተመትቼ ደሜ ሊያልቅ ሆነ። መድኃኒት ልጠጣ ብዬ ቁልፉን ብጫን ሰይፉ መጀመሪያ ወደ ጀርባ መመለስ አለበት። እንደምንም መለስኩት። ደግሜ ተጫንኩ። ለካ የመረጥኩት መድኃኒቱን አይደለም፣ የሰይፍ መሳያውን ነው። ሰውዬው አንጃናት አፍንጫ ሥር ተንበርክኮ ሰይፉን መሳል ጀመረ። በግ ሊያርድ የተጠራ ነው የሚመስለው። ጆሮዬ ላይ ሦስት ልጆች በእንግሊዝኛ ይጮኻሉ። አንዱ ምን እየሠራህ ነው ይላል። እኔ ድምፄን አጥፍቻለሁ፤ የ36 ዓመት ሰው መሆኔ እንዳይታወቅ። ጋሪ።

ሦስተኛው ላይ ተጠንቅቄ ነበር። በጎን ዞሬ ገባሁ። አውሬው ወድቋል። ዕድሌ ነው አልኩና ያሉትን ቁልፎች በሙሉ ተጫንኩ። ግሬት ሶርድ ከታች ወደ ላይ ሲመታ ጓደኛህን አያቆስለውም፣ ግን ወደ ሰማይ ያነሳዋል። ይህን ያን ጊዜ አላውቅም። ከልጆቹ አንዱ እንደ ቆሎ ተፈናጥሮ ወጣ። ሲወርድ አንጃናት ተነስቶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ሦስተኛዋን ጋሪ የተሳፈረው እሱ ነው፤ እኔ ንጹሕ ነኝ።

ስክሪኑ ላይ አደኑ መክሸፉ ተጻፈ። ልጁ አካፋውን እንደያዘ፣ ጫማው በረዶ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሟል።

«መብራት ጠፍቶ ነው» አልኩ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ሜሪላንድ መሆኔን የረሳሁት አምፖሉ እላዬ ላይ ቦግ ብሎ እየበራ ነው።

አሁን ለብቻዬ ስጫወት በሰይፍና ጋሻ ነው። የሽንኩርት ቢላዋዋ አትከብድም፣ እየተዋጋሁ መድኃኒቴን እጠጣለሁ፣ አንጃናትንም በአራተኛ ሙከራዬ ጥዬዋለሁ። ይህን ለልጁ ጓደኞች የሚነግርልኝ ግን የለም። ቅዳሜ ማታ ማዳመጫውን ሲሰካ ድምፃቸው እስከ ሶፋዬ ይሰማል። ሰላም እንኳ ሳይሉት መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦

«አጎትህ ተኝቷል?»