በክዳን የተለካ መድኃኒት

የምሠራው ጅማ ውስጥ አንድ ሆቴል ነው። እንግዳ መቀበያው ጋ ያለውን የዓሣ ገንዳ የምከታተለው እኔ ነኝ። በቅርቡ አዳዲስ ዓሦች መጡና ለብቻቸው ሳይቆዩ ከነባሮቹ ጋር ተቀላቀሉ። ብዙም ሳይቆይ ክንፋቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ፤ ሰውነታቸውንም ከጠጠሩ ጋር ያሻሹ ጀመር። ኢክ የሚባለው ጥገኛ ነው።

መድኃኒት ተገዛ። እረፍት በወጣሁበት ቀን ባልደረባዬ ቶሎ ይዳኑ ብሎ በጠርሙሱ ክዳን እየለካ ጨመረ፤ ነጥቦቹ አልጠፋ ሲሉት ማታም ደገመ። ዓሦቹን ስለሚወድ ነው እንጂ ክፋት የለውም። ጠዋት ስደርስ የጥበቃው ጋሼ በር ላይ ጠበቁኝ። "ልጄ፣ ቶሎ ግቢ፣ ዓሦቹ ትንፋሽ አጥሯቸዋል" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ ይመታል።

ግማሹን ውሃ ቀድተን ደፋን። ኦሞ ነክቶት በማያውቅ ባልዲ ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃ አመጣንና እንዳይበርዳቸው ትኩስ እየቀላቀልን ቀስ ብለን ተካን። የአየር ፓምፑን እስከ መጨረሻው ከፈትን፣ ፊልተሩ ውስጥ መድኃኒት የሚመጥ አክቲቬትድ ከሰል ከተትን። ከሰዓት በኋላ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ትንሹ አምባዛ ግን አልተረፈም፤ ቅርፊት የሌላቸው ዓሦች መድኃኒት ሲበዛ አይችሉም።

ለባልደረባዬ ያስረዳሁት ይህንን ነው። ነጥቡ ውስጥ ያለው ጥገኛ ከቆዳው ሥር ስለተደበቀ መድኃኒት አያገኘውም። ሲበስል ይወድቅና ታች ተጣብቆ ይባዛል፤ መድኃኒቱ የሚገድለው ዓሣ ፍለጋ የሚዋኙትን ልጆቹን ነው። ስለዚህ መጠኑን ብትደርበው የሚጎዳው ዓሣው ነው። ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ዑደቱ በሳምንት ውስጥ ያልቃል፣ እንደ ጅማ ክረምት ማታ ሲቀዘቅዝ ግን ይረዝማል። ነጥቡ ጠፋ ተብሎ መድኃኒቱ አይቋረጥም።

ሌላው ሊትሩ ነው። ገንዳው 200 ሊትር ነው ይባል ነበር። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ከጠጠሩ በላይ ያለው ውሃ ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አባዝተን ለ1,000 ስናካፍል 160 ሊትር ወጣ። በ200 ሂሳብ ቢሰጥ በሩብ ይበዛ ነበር ማለት ነው።

አሁን ጠርሙሱ ላይ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ በላስቲክ ታስሯል። የሚሰጠው ሰው መጀመሪያ ከሰሉን ያወጣል፣ ሰዓቱንና ሚሊ ሊትሩን መዝገብ ላይ ይጽፋል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ ግን ሰዓቱ ቢደርስም መድኃኒት አይገባም።