የሮም ቄሳሮች ሐውልት፦ ሽብሽቡም የተመረጠ ነው

ስለ ሮም ቄሳሮች ሐውልት ሲነሳ አውግስጦስ የተዋበው፣ ቬስፓሲያን ደግሞ እውነተኛው ተብለው ለሁለት ይከፈላሉ። አከፋፈሉ ለመያዝ ይቀላል እንጂ ያሳስታል። ለስላሳ ጉንጭም ሆነ የተሸበሸበ ግንባር፣ ሁለቱም ሕዝብ እንዲያየው ታስቦበት የተመረጠ ፊት ነው።

አውግስጦስ በ14 እ.ኤ.አ. ሲሞት 76 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ገደማ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሐውልቶቹ ላይ ግን አያረጅም። በ1863 ከሮም ወጣ ብሎ ፕሪማ ፖርታ በተባለ ስፍራ፣ በሚስቱ በሊቪያ መኖሪያ የተገኘውና ዛሬ ቫቲካን ያለው ሐውልቱ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ነው። አቋሙ ግሪካዊው ፖሊክሌይቶስ ከሠራው ጦር ያዥ ወጣት የተቀዳ ነው። ጥሩር ለብሶ ሳለ እግሩ ባዶ መሆኑ ደግሞ የአማልክትና የጀግኖች ወግ ነው። እንዲህም ሆኖ ሰፊ ግንባሩና ወደ ታች የሚጠበው አገጩ የራሱ ናቸው፤ ማስዋብ ማለት መልክን ማጥፋት አልነበረም።

አውግስጦስን ለመለየት ከፊቱ ይልቅ ጸጉሩን ማየት ይሻላል። በዚህ ዓይነቱ ሐውልት ላይ የግንባሩ ዘለላዎች አንድ ቦታ እንደ ሹካ ይከፈላሉ፤ ወደ ቀኝ ዓይኑ በኩል ደግሞ እንደ ጉጠት እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። በግዛቱ ዳርና ዳር በተሠሩ ቅጂዎች ላይ ይኸው አቀማመጥ ስለሚደጋገም፣ አጥኚዎች ከሮም የጭቃ ወይም የጀሶ ሞዴል ይላክ እንደነበር ይገምታሉ። የአገሬው ቀራፂ አፍንጫና ከንፈር ላይ ቢስትም የዘለላውን ቅደም ተከተል ይጠብቃል።

በ1910 ሱዳን ውስጥ ሜሮዌ የተገኘው የነሐስ ራስም ያንኑ ጸጉር ይዟል። ኩሾች በ25 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ሮማውያን በያዟት ግብፅ ላይ በዘመቱ ጊዜ የማረኩት ሳይሆን አይቀርም። ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ስለቀበሩት የወጣ የወረደ ሁሉ ሲረግጠው ኖረ። ለውርደት የተደረገው ነገር ግን ዓይኑን አተረፈለት፤ ካልሳይት ከተባለ ድንጋይና ከመስታወት የተሠራ ሆኖ እስከ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ያፈጣል። ከብዙዎቹ የነሐስ ራሶች እንዲህ ያለው ዓይን ወልቆ ጠፍቷል።

የእብነ በረዱ ዓይን ታሪክ ሌላ ነው። እስከ ሐድሪያን ዘመን (117–138) ድረስ ብሌኑ በአብዛኛው በቀለም ይሣል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በመሮና በመሰርሰሪያ መቅረጽ ተለመደ። ስለዚህ የቀደሙት ሐውልቶች ዓይን ባዶ የሆነው ቀለሙ ስለረገፈ ነው። ባዶነቱን የመለኮታዊ እርጋታ ምልክት አድርጎ መተርጎም ትርፉ ስህተት ነው።

ቬስፓሲያን በ69 ሥልጣን ሲይዝ ዕድሜው 60 ገደማ ነበር። ከኔሮን ቅንጦትና ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ራሰ በራና ሽብሽብ ያለ የወታደር ፊት ማሳየት ጥሩ ፖለቲካ ነበር። ወደ ጥንቱ የሪፐብሊክ ሽማግሌዎች ምስል መመለሱም ነበር። የሚገርመው ግን የዚሁ ሰው ሁለት ዓይነት ምስል መኖሩ ነው፤ አንዱ መስመር የበዛበት፣ ሌላው ለስለስና ወጣት ያለ። ታዲያ እውነተኛው የትኛው ነው? እኔ ጥያቄውን ራሱን አልወደውም።

ከዚህ ይልቅ ጠቃሚው እንደገና የተቀረጹትን መለየት ነው። ኔሮን በ68 ሲሞት ብዙ ሐውልቶቹ ወደ ቬስፓሲያን ተቀየሩ። እብነ በረድ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርበትም። የኔሮን ወፍራም ጉንጭና ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ለመቀነስ ይመቻል፤ ጸጉሩ ተጠርቦ መላጣ ይሆናል፣ ጉንጩ ተገዝግዞ ይሸበሸባል። ጆሮን ግን ማንቀሳቀስ አይቻልም። ራሱ ሲያንስ ጆሮው ትልቅ መስሎ ይቀራል፣ አንገቱም ይወፍርበታል። ማጅራቱ ላይ የኔሮን ረጅም ጸጉር ሳይነካ የቀረበትም አለ፤ ሐውልቱ ግድግዳ ተጠግቶ ሲቆም ጀርባውን ማን ያያል? ስለዚህ ሙዚየም ውስጥ ከተቻለ ዞር ብሎ ከኋላ ማየት ነው።

ነሐስ ሲሆን ዘዴው ይለያል። ዶሚቲያን በ96 ከተገደለ በኋላ፣ ኢጣሊያ ውስጥ ሚሴኑም በተባለ ስፍራ በፈረስ ላይ ተቀምጦ የነበረው የነሐስ ሐውልቱ ፊቱ ብቻ ተቆርጦ ወጣና የተተኪው የኔርቫ ፊት ተገጠመለት። ሰውነቱ የወጣቱ፣ ፊቱ የሽማግሌው ሆነ። ለሮማውያን ይህ አይጎረብጥም፤ ቄሳር ቀላውዴዎስም ቫቲካን ባለው ሐውልቱ የሽማግሌ ፊቱን በዋናው አምላካቸው በዩፒተር ጡንቻ ላይ አስቀምጧል።

ካራካላ (211–217) ደግሞ ግንባሩን አኮማትሮ አንገቱን ጠምዝዞ ይታያል። ክፋቱን ድንጋዩ አጋለጠው ይባላል፤ ነገር ግን ቁጣውን ቄሳሩ ራሱ ባይወደው ኖሮ ያ ፊት በየግዛቱ ባልተባዛ ነበር።

ከአፍንጫ ግን መጠንቀቅ ነው። በድሮ የአውሮፓ ስብስቦች ውስጥ ያሉ ብዙ አፍንጫዎች ከህዳሴ ዘመን ወዲህ የተቀጠሉ ናቸው፤ መጋጠሚያው ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ፣ የድንጋዩም ቀለም ትንሽ ተለይቶ ይታያል። ማመሳከሪያው ሳንቲም ነው። ስሙ ዙሪያውን ተጽፎበት የጎን ገጽታው ስለሚታይ፣ ስም የለሽ ራሶች ሁሉ የማን እንደሆኑ የሚታወቁት በአብዛኛው በእሱ ነው። ከፊት ለፊት ያለውን መልክ ግን ሳንቲሙ አይነግርም።