ሁለተኛው ፔርሙስ

አንድ ኩላሊቴን ለወንድሜ ሰጥቼ ከሆስፒታል ወጥቻለሁ። ዛሬ ጎረቤታችን እማማ ሁለት ፔርሙስ አጥሚት ይዘው መጡ። አንዱን "ለወንድምሽ" ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሌላውን እጄ ላይ ሰጡኝና "ይሄ ያንቺ ነው። አንቺም እኮ ኦፕራሲዮን ሆነሻል፤ ማን ይጠይቅሽ?" አሉኝ። እንባዬ መጣ።

ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ጠያቂው ሁሉ ማስክ አድርጎ በሩ ላይ ይቆምና "እንዴት አደረ?" ይላል። እኔ ጎኔን ደግፌ ቡና አቀርባለሁ።

ወንድሜ ከዲያሊሲስ፣ ከኩላሊት እጥበቱ፣ ተገላግሎ ፊቱ እየፈካ ነው፤ ተመስገን። እኔ ግን ጤነኛ ሆኜ በእግሬ ገብቼ፣ ታምሜ ነው የወጣሁት። ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ አርፋለሁ። የቀረው ኩላሊት የሁለቱን ሥራ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ዕቃ ማንሳት የለም፤ ጀሪካንማ በፍጹም። ሲያመኝም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ማስታገሻዎች ክልክል ናቸው።

የኩላሊት ንቅለ ተከላው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ እዚህ አገር ኩላሊት የሚሰጠው ባብዛኛው የቅርብ ዘመድ ነው። አስታማሚ ይሆን የነበረው ሰው አብሮ ይተኛል ማለት ነው። አንድ ቤት፣ ሁለት ቁስል።

እባካችሁ፣ ልትጠይቁ ስትሄዱ ኩላሊቱን የሰጠውንም ጠጋ ብላችሁ "ያንተስ ቁስል?" በሉት። ውሃ ቅዱለት። ከዳነ በኋላም ደም ግፊቱን፣ ሽንቱንና ክሪያቲኒኑን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን የደም ምርመራ) በየዓመቱ እንዲታይ አስታውሱት።