ፒስተን ከመቀየራችሁ በፊት

የዛሬን ቀን የበላችው አንዲት የጎማ ቀለበት ናት።

ቱ ስትሮክ ሞተር (ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚገባበት) ሲነክስ፣ ማለትም ፒስተኑ በሙቀት ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሲቆም፣ ብዙ ሰው ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀይሮ ይገጥማል፤ በማግስቱ ውድድር ላይ መልሶ ይነክሳል። መጀመሪያ የሚጠረጠሩት በክራንኩ ሁለት ጫፎች ያሉት የዘይት መያዣ ጎማዎች ናቸው። በማግኔቱ (እሳት አመንጪው) በኩል ያለችው ከደረቀች አየር ትስባለች፣ የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ጋዙን ስትለቁትም ዙሩ ቶሎ አይወርድም። የደረቀችው በፍሪሲዮን በኩል ያለችው ከሆነች የካምቢዮ ዘይት ይገባና ማርሚታው ነጭ ጭስ ይተፋል።

ፍተሻው ቀላል ነው። የካርቡሬተሩንና የማርሚታውን በር ድፈኑ፣ ፒስተኑን ታች አውርዱና በካንዴላው ቀዳዳ በእጅ ፓምፕ 6 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ስጡት። ከዚያ አትለፉ፣ ጤነኛዋንም ጎማ ከቦታዋ ይገፋታል። 6 ደቂቃ ሳይወርድ ከቆየ ደህና ነው። ከወረደ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀቡ። ዛሬ አረፋው ብቅ ያለው ከማግኔቱ ጀርባ ነው፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ!

አዲሷን ስትገጥሙ ከንፈሯን ዘይት ቀቡት፤ ስፕሪንጓ ወደ ክራንኩ ክፍል ይዙር።

የቤንዚንና የዘይቱ ድብልቅ 32 ለ1 ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። «ዘይት ስትቀንስ ይፈጥናል» የሚለውን ወሬ ያስወራው ፒስተን ሻጭ ሳይሆን አይቀርም።