የጃፓንን የቤዝቦል ሊግ በእጄ እየመዘገብኩ የተከታተልኩበት መንገድ

የጃፓን ፕሮፌሽናል ቤዝቦል የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ላዩን ሲታይ ከእግር ኳሱ ብዙም የተለየ አይመስልም፤ ድል፣ ሽንፈት፣ አቻ ይላል። ነጥብ የሚባል ነገር ግን የለውም። ደረጃው የሚወጣው በማሸነፍ ምጣኔ ነው፤ አቻው ደግሞ ከስሌቱ ውጭ ይቀራል። ይህች ትንሽ ደንብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች የገባኝ ሰንጠረዡን በራሴ እጅ መሥራት ስጀምር ነው። ሊጉን መከታተል ለሚፈልግ የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ አንድ ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሂሳብ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ይበቃሉ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ የሚታረመው ብዙ ነው።

ደብተሩን ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹ ለሴንትራል ሊግ፣ ግማሹ ለፓሲፊክ ሊግ። በእያንዳንዱ 6 ቡድን አለ። አንድ ቡድን በሊጉ ካሉት 5 ተጋጣሚዎች ጋር 25 ጊዜ ይጫወታል፣ ይህ 125 ነው። ከሌላኛው ሊግ 6 ቡድኖች ጋር ደግሞ 3፣ 3 ጊዜ፣ ይህ 18 ነው። ድምሩ 143 ይሆናል። ይህን ቁጥር ከደብተሩ ሽፋን ጀርባ ጻፉት፤ የቀረውን ጨዋታ ሁሉ የምታሰሉት ከእሱ እየቀነሳችሁ ነው።

በመጀመሪያ ቡድኖቹን በከተማ ስም መዝግቤ ነበር፤ አያዋጣም። ቶኪዮ ብቻ ሁለት አላት፣ ዮሚዩሪ ጃያንትስና ያኩልት ስዋሎውስ። ሃንሺን ታይገርስ የኦሳካ ሰዎች ቡድን ይባላል፤ ሜዳው ኮሺየን ግን ያለው በሂዮጎ ግዛት ኒሺኖሚያ ከተማ ነው። የኒፖን ሃም ቡድን ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚጫወተው ኪታሂሮሺማ በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ስሟ ከሂሮሺማ ቢመሳሰልም የምትገኘው በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት ነው። የሚያዋጣው የባለቤቱን ድርጅት ስም መያዝ ነው፤ ጃፓኖቹም በዕለት ተዕለት ንግግራቸው አብዛኞቹን ቡድኖች የሚጠሩት በዚያ ነው። ዮሚዩሪ ጋዜጣ ነው፣ ሃንሺን የባቡር ድርጅት፣ ያኩልት የሚጠጣ የረጋ ወተት፣ ሎቴ ማስቲካና ጣፋጭ፣ ኒፖን ሃም ሥጋ።

ሰዓቱ ለእኛ ቀላል ነው። በጃፓንና በኢትዮጵያ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ የእኛ አቆጣጠርም ከሌላው ዓለም ሰዓት በ6 ይለያል። ሁለቱ ተጣጥፈው ያው ቁጥር ይመጣል። የጃፓን ፕሮግራም ምሽት 6 ሰዓት ካለ ለአዲስ አበባ ሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ የቅዳሜና የእሑድ ከሰዓት 2 ሰዓት ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 18:00 ተብሎ ሲጻፍ 12 መቀነስ ብቻ ይበቃል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ግን የምሽቱን ጨዋታ በቀጥታ ለማየት በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር ሊነጋ ሲል በ11 ሰዓት መነሳት አለበት።

ወደ ሰንጠረዡ ልመለስ። በጃፓን 9 ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) በእኩል ካለቀ እስከ 12ኛው ይቀጥላል፤ ያኔም ካልተለየ አቻ ነው። በአሜሪካ ሊግ በተጨማሪው ኢኒንግ ሁለተኛ ቤዝ (ሯጩ እየረገጠ የሚያልፈው ማረፊያ) ላይ በነፃ የሚቆመው ሯጭ እዚህ የለም። ምጣኔው ድልን ለድልና ሽንፈት ድምር ማካፈል ነው። እኔ በመጀመሪያ ያካፈልኩት ለተጫወቱት ጨዋታ ብዛት ነበርና ሰንጠረዤ ከትክክለኛው ጋር አልገጥም አለ። ለምን እንደሚለያይ ለማየት ከ2021 የተሻለ ምሳሌ የለም። ያኔ በወረርሽኙ ምክንያት ጨዋታ ሁሉ በ9 ኢኒንግ እንዲቆም ስለተወሰነ አቻው በዛ። ያኩልት 73 አሸንፎ፣ 52 ተሸንፎ፣ 18 አቻ ወጣ። ሃንሺን 77 አሸንፎ፣ 56 ተሸንፎ፣ 10 አቻ ወጣ። ሃንሺን በ4 ድል ይበልጣል፤ ሻምፒዮኑ ግን ያኩልት ነው። 73 ለ125 ሲካፈል 0.584፣ 77 ለ133 ሲካፈል 0.579።

እዚህ ላይ እርሳሱን ሳታስቀምጡ አንድ ነገር ሞክሩ። አቻውን እንደ ግማሽ ድል ቁጠሩት። ያኩልት 73 እና 9፣ 82 ይሆናል። ሃንሺን 77 እና 5፣ እሱም 82 ነው። እኩል! «የጨዋታ ልዩነት» የሚባለውም አምድ ይህንኑ ይላል። ስሌቱ የተከታዩ ድል ከመሪው ድል ተቀንሶ፣ የመሪው ሽንፈት ከተከታዩ ሽንፈት ተቀንሶ፣ ሁለቱ ተደምረው ለ2 ማካፈል ነው፤ እዚህ ግን ውጤቱ ዜሮ ይመጣል። ከ143 ጨዋታ በኋላ አንደኛና ሁለተኛን የለየው አቻው ከማካፈያው መውጣቱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የልዩነቱን አምድ በትንሹ፣ ምጣኔውን በደማቁ ነው የምጽፈው።

ስህተት የምይዝበት ዘዴም አለኝ። የ12ቱም ቡድን ድል ድምር ከ12ቱ ሽንፈት ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የአቻው ድምር ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ሊሆን አይችልም። የአንድ ሊግን ብቻ ደምራችሁ ካልገጠመ አትደንግጡ፤ ልዩነቱ ከሌላው ሊግ ጋር ከተደረጉት 18ቱ ዙሮች የመጣ ነው።

በነሐሴና በመስከረም «ማጂክ» የሚባል ቁጥር ይመጣል፤ መሪው ስንት ቢያሸንፍ ማንም አይደርስበትም ማለት ነው። በምሳሌ እንየው። መሪው 75 ድል፣ 45 ሽንፈት፣ 5 አቻ አለው እንበል፤ ተከታዩ 70፣ 50 እና 5። ለሁለቱም 18 ይቀራል። ተከታዩ ሁሉንም ቢያሸንፍ 88 ለ50 ይሆናል። መሪው 13 ቢያሸንፍ እኩል ነው፣ 14 ካሸነፈ ይበልጣል። እርስ በርስ የቀራቸው 3 ጨዋታ ከሆነ መሪው ሦስቱን ቢሸነፍ እንኳ በቀሩት 15 ውስጥ 14 ማግኘት ስለሚችል ማጂኩ «በራ» ይባላል። እርስ በርስ የቀራቸው 5 ከሆነ ግን ሌላው 13 ብቻ ነው፤ 14 አይገኝም፣ ስለዚህ ማጂክ የለም። የበራው ተመልሶ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው። የእርስ በርስ ጨዋታዎቹን በቀይ እርሳስ ያላስቀመጠ ሰው ይህን ሊያሰላ አይችልም።

ከሰንጠረዡ ቀጥሎ የከበደኝ የአንድ ጨዋታ ዝርዝር ማንበብ ነው። በደብተሬ ተከላካዮቹን እንደማንኛውም የቤዝቦል መዝገብ በቁጥር ነው የምጽፈው፤ ወርዋሪው 1፣ ተቀባዩ 2፣ አንደኛ ቤዝ 3፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ ሦስተኛ ቤዝ 5፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው) 6። ጃፓኖቹ በዝርዝሩ ላይ አንደኛ ቤዝን በአንድ አግድም ሰረዝ፣ ሁለተኛን በሁለት፣ ሦስተኛን በሦስት ሰረዝ ይጽፋሉ። ሦስት ሰረዝ ያየ ሰው እጁ ወደ 3 ይሄዳል፤ መጻፍ ያለበት ግን 5 ነው። ሌላም አለ፤ በስትራይክ መውጣት (መቺው ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ሲወጣ) «ሳንሺን» ሲባል፣ ያውም በዚያው የሦስት ሰረዝ ፊደል ይጀምራል። ስለዚህ ሁለተኛውን ፊደል ሳያዩ ምንም አትጻፉ። መቺው በትሩን በባዶ አወዛውዞ ከሆነ የወጣው «ባዶ» የሚል ፊደል ይቀድመዋል፣ ቆሞ እያየ ከሆነ «ማየት» የሚል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን «ሺኪዩ» ነው። በ4 ቦል (ከመምቻው ክልል ውጭ በተወረወረ ኳስ) በነፃ መሄድም ሺኪዩ ነው፣ በኳስ ተመትቶ መሄድም ሺኪዩ ነው። አንዱ «አራት ኳስ»፣ ሌላው «የሞት ኳስ» ተብሎ በተለያየ ፊደል ይጻፋል፤ አራትም ሞትም «ሺ» ስለሚባሉ ድምፁ አንድ ነው። በጆሮ የሚከታተል ሰው «ፎአቦሩ» እና «ዴዶቦሩ» የሚሉትን ቃላት ይጠብቅ፤ ተንታኞቹ የሚለዩት በእነሱ ነው። ባለሜዳው በመጨረሻው ኢኒንግ አሸናፊዋን ነጥብ ካገባ «ሳዮናራ» ይባላል፣ በዚያ ኢኒንግ ከተቆጠረው ነጥብ ጎንም የኤክስ ምልክት ይደረጋል።

ልምምድ ለሚፈልግ የሮኪ ሳሳኪን የሚያዝያ 10 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጨዋታ እመክራለሁ። ለቺባ ሎቴ ሲወረውር ከኦሪክስ 27 መቺ አንዱንም ቤዝ ሳያስረግጥ፣ 19ኙን በስትራይክ አስወጣ፤ ከእነዚህ 13ቱ በተከታታይ ነው። የፈጀው 105 ውርወራ። ሯጭ ስለሌለ ጀማሪ አይወዛገብም፤ በመከላከያ ቁጥር የሚሞላው 8 ካሬ ብቻ ነው።

ለወርዋሪዎች ገጽ 6 አምድ በቂ ነው፣ ከማክሰኞ እስከ እሑድ። ሰኞ ብዙውን ጊዜ ጨዋታ ስለሌለ ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚወጣው፤ ስሙም በዋዜማው ይገለጻል። በቀኑ ካልመጣ ወደ ሁለተኛው ቡድን ወርዶ እንደሆነ ተመልከቱ። የወረደ ተጫዋች 10 ቀን ሳይሞላው አይመለስምና ቀኑን ከስሙ ጎን አኖራለሁ። የኢኒንግ ሲሶም ያሳስታል። 5 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ 3 ነጥብ የተቆጠረበትን ወርዋሪ በ5.1 ካሰላችሁት አማካዩ 5.29 ይመጣል፤ ትክክለኛው 5.06 ነው። በኢኒንግ ፋንታ አውቱን (ከጨዋታ የወጣውን መቺ ወይም ሯጭ፣ በአንድ ኢኒንግ 3) ቁጠሩ፤ 16 አውት፣ 3 ሲባዛ በ27፣ ሲካፈል ለ16።

የመጨረሻው ገጽ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለሚደረገው የማጣሪያ ዙር፣ ለክላይማክስ ሲሪስ ነው። የሊጉ አንደኛ ወደ ፍጻሜው ሲገባ ብዙውን ጊዜ 1 ድል በእጁ ይዞ ይጀምራል፤ ከ6 ጨዋታ ቀድሞ 4 የደረሰ ያልፋል፣ እኩል ከሆኑ አንደኛው ያልፋል። ያቺን 1 ድል ጨዋታው ሳይጀመር መዝግቧት። በ2021 ኅዳር 12 ቀን (እ.ኤ.አ.) ኦሪክስ ያችን 1 እና ሌላ 2 ድል ይዞ፣ በሦስተኛው ጨዋታ ሎቴ 3 ለ2 እየመራው ወደ 9ኛው ኢኒንግ ታች (ባለሜዳው ወደሚመታበት ግማሽ) ገባ። የኦሪክሱ ዩያ ኦዳ ባንት ሊያደርግ (ኳሱን በበትሩ ነካ ብቻ ሊያደርግ) መስሎ በትሩን አወዛወዘና 3 ለ3 ሆነ። ጨዋታው እዚያው ቆመ፤ አቻው በቂ ነበር። በዚያው ምሽት በሌላኛው ሊግ ያኩልት ያለፈው ከዮሚዩሪ ጋር 2 ለ2 ወጥቶ ነው።