የሰው መፍቻ

ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ኅዳር በገባ ቁጥር እንዲህ ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። ዝናቡ ወጥቶ፣ የጦሳ ተራራ ከራስጌው እስከ ግርጌው ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ጠዋት ጠዋት የደሴ ብርድ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ፣ ቤት ውስጥ አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም። እጄ ሥራ ይፈልጋል። ቅዳሜ እንዲያ ሆኖብኝ ስነሣ ነው የቀይዋን ያሪስ መኪናዬን የኋላ ሞላዎች ለመቀየር የወሰንኩት። አዲሶቹ ሞላዎች ከተገዙ ቆይተዋል፤ በረንዳው ላይ አቧራ ሲጠጡ ከርመዋል።

ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ከኋላ በግራ በኩል የሚያንኳኳው ነገር ምን እንደሆነ ሥሯ ገብቼ ሳይ፣ የሞላው የታችኛው ጥምዝ ተሰብሮ ኖሯል። የተሰበረው አንዱ ቢሆንም የሚቀየረው ጥንዱ ነው፤ አለበለዚያ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ትቀራለች። ያሪስ በዚህ በኩል ደግ መኪና ናት። የኋላ ሞላዋ ከሾክ አብዞርበሩ ተለይቶ ለብቻው የቆመ ነው። በክሪክ አንሥቶ፣ አካሏን በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፎ፣ የሾክ አብዞርበሮቹን የታችኛ ቡሎኖች ፈትቶ አክሱን ቀስ እያሉ ወደ ታች ሲለቁት ሞላው ላልቶ በእጅ ይወጣል። የፊቱ እንዲህ አይደለም። የፊቱ ሞላ ከሾክ አብዞርበሩ ጋር ታምቆ የታሰረ ነው፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ትክክለኛው ማመቂያ በሌለበት ማንም እንዳይነካው እለምናለሁ። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር መግባትም እንዲሁ ነው። አባባ ሌላውን ነገር ሁሉ በለሆሳስ የሚናገር ሰው፣ በዚህ ጉዳይ ብቻ ይጮህ ነበር።

የቀኙ ቡሎን ወጣ። የግራው እምቢ አለ።

እምቢታው ደግሞ ልብ የሚሰብር ዓይነት ነው። መፍቻውን አስገብቼ፣ እጀታውን በቱቦ አስረዝሜ ስጫነው ዞረ። ተፈታ ብዬ እፎይ ስል፣ እጄን ላላ ሳደርገው የቡሎኑ ራስ ቀስ ብሎ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ደግሜ ጫንኩት፤ ሄደ። ለቀቅሁት፤ ተመለሰ። ጎንበስ ብዬ በባትሪ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ቡሎኑ የሚያልፈው በአንድ አጭር የብረት ቱቦ ውስጥ ነው፤ ቱቦው ደግሞ ዙሪያውን በወፍራም ጎማ ተከብቧል። ቡሎኑና ቱቦው በዝገት ተጣብቀው አንድ አካል ሆነዋል። እኔ ስጠመዝዝ የሚጠመዘዘው ጎማው ነው፤ ስለቅ ጎማው ራሱን ይመልሳል። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው እየተፈታ ነው ብሎ ሊምል ይችላል።

በእሳት ማሞቅ ይቻላል፤ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ዝገቱም ይሰነጠቃል። እዚህ ቦታ ግን ጎማው ይነድዳል፤ የቤንዚን ጋኑም ሩቅ አይደለም። መዶሻ ሞከርኩ። ጥቂት ማጥበቅና መልሶ መፍታትም ሞከርኩ። በመጨረሻ ዙሪያውን በብረት ብሩሽ ጠርጌ የዝገት መፍቻ ዘይት አጠጣሁትና እንዲያድር ተውኩት። ዘይት ጠባብ ቦታ የሚገባው በራሱ ጊዜ ነው።

ጎረቤታችን ሐጂ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ልጄ፣ አልፈታ አለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አልፈታ አለኝ ሐጂ።»

«አላህ ያግራልሽ። በይ እጅሽን ታጠቢና ነይ፤ ቡናው ደርሷል።»

ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጬ ስለ ዝገት ሳስብ ነበር። ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከተሠራበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ በቡሎኑና በቱቦው መካከል የነበረችውን የጸጉር ያህል ክፍተት ሞልቶ ያንቃታል። ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል። ቀይዋ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት የአውሮፓን ክረምት ያሳለፈች ናት። እዚያ በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው የቀላቀለው ውኃ ከጎማ እየተረጨ መኪና ሥር ይጋገራል። ላይዋ እያብረቀረቀ ሥሯ የተበላው በዚያ ነው። የእኛ የደሴ ጉምና ዝናብ ብቻውን እንዲህ አያደርግም።

ጨው ላይ ስደርስ ሐሳቤ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወደ መኪናዋ አልተመለሰም።

አባባ ጨው ይጭን ነበር። ከዚህ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለች ከተማ ተነሥቶ፣ ሐረጎን ወርዶ፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ፣ በኤሊዳር አድርጎ፣ ቡሬን አልፎ ቀይ ባሕር ድረስ ይወርዳል። ከኮምቦልቻ አሰብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በወረራው ዘመን ጣሊያን የዘረጋው፣ መኪናውም የጣሊያን ፊያት፣ ኤንትሬ የሚባለው ከባድ መኪና ከነተሳቢው። ሲመለስ ልብሱ ላይ የደረቀ ጨው ይኖራል፤ እማዬ ከቤት ሳይገባ በረንዳው ላይ ታራግፈዋለች።

ጨው የጫነ መኪና ካልታጠበ ይበላል። አባባ ኮምቦልቻ ሲደርስ ቦርከና ወንዝ ዳር አቁሞ ሥሩን ሳያጥብ ወደ ደሴ አይወጣም ነበር። ቤት ደርሶ አንድ ነገር ሲጠግን ባትሪ የምይዝለት እኔ ነኝ። ጣቱን ግራሶ ውስጥ ነክሮ የቡሎኑን ጥርስ ከጫፉ ጀምሮ እያዞረ ይቀባል፤ ትርፉን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ከዚያ እስኪቆም ድረስ በእጁ ብቻ ያስገባዋል። መፍቻ የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚለፋ ስጠይቀው «ነገ የሚፈታው ማን እንደሆነ አይታወቅም» ይለኛል። የቀይዋን ቡሎን ያሰረው ሰው ይህን የሚነግረው አባት አልነበረውም ማለት ነው።

ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሣና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጋላፊ ታጥፎ ጅቡቲ ሆነ። አባባም ጥቂት ጊዜ ጅቡቲ ተመላልሶ ተወው፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ኤንትሬው ተሸጠ። የመፍቻ ሣጥኑ ቀረ።

ቅዳሜ ከሐጂ ቤት ስመለስ፣ ረዘም ያለ ነገር ባገኝ ብዬ ያንን ሣጥን ከፈትኩት። ከሁሉም ሥር፣ በላስቲክና በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ «የሰው መፍቻ» አለ። ቤታችን ውስጥ ስሙ ይኸው ነው፤ ልጆች ሆነን ሣጥኑን ስንነካ ከምንሰማቸው ማስጠንቀቂያዎች የመጀመሪያው «የሰው መፍቻ እንዳትነኩ» የሚል ነበር። ክንድ የሚያህል፣ ሁለት አፍ ያለው የከባድ መኪና መፍቻ ነው። እጀታው ላይ ሁለት የግእዝ ፊደላት በመሮ ተመትተውበታል፤ የመጀመሪያው ፊደል ጠለቅ ያለ፣ ሁለተኛው የመቺው እጅ የደከመ ይመስል ሳሳ ያለ። ስፈታው ዘይቱ ገና እጅ ያረጥባል። አባባ ካለፈ በኋላ ዘይት የሚቀባው ሰው አለ ማለት ነው። እማዬን አልጠየቅኋትም፤ መጠየቅም አያስፈልግም።

ታሪኩን የሰማነው ቁርጥራጩን ነው። በመጨረሻው ጉዞ አሰብ ከቢር በሚባለው የአሰብ ሰፈር ውስጥ አንድ መካኒክ፣ መንገድ ላይ ብትቸገር ይጠቅምሃል፣ ስትመለስ ታመጣልኛለህ ብሎ አዋሰው። መመለስ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከአሰብ የተፈናቀሉ ሰዎች ደሴ ሲገቡ አባባ በየመጠለያው እየዞረ ጠየቀ። አንዱ አስመራ ሄዷል አለው። ሌላው በጀልባ የመን ተሻገረ አለው። ሦስተኛው ደግሞ ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ ማለለት፤ አባባም ለረጅም ጊዜ በየገበያው ቀን ኮምቦልቻ ይወርድ ነበር። ባዶ እጁን ይመለሳል።

መስከረም 2011 የቡሬ ድንበር ሲከፈት አባባ ታሞ ነበር። ቴሌቪዥኑ ፊት ደግፈን አስቀመጥነው። ሰዎች ተቃቅፈው ሲላቀሱ እያየ መፍቻውን እንዳመጣለት አዘዘኝና ጭኑ ላይ አጋደመው። «ከኤሊዳር ወዲያ አስፋልቱ እንዴት ሆኖ ይሆን?» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ድንበሩ በወራት ውስጥ መልሶ ተዘጋ፤ እሱም ብዙ አልቆየልንም።

እነሆ መፍቻው በእጄ ነው። የእኔን መፍቻ አፍ ውስጥ ቆልፌ ላስረዝመው እችል ነበር፤ ጉልበት ይጨምራል። እጄ አልሄደም። እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩትና ማታ ለሐጂ ነገርኳቸው። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። «ባለቤቱም ወራሹም ካልተገኘ ዋጋውን አስገምተሽ በስሙ ሰደቃ አውጪ። አማናው ከትከሻሽ ይወርዳል» አሉኝ። ያሉት ልክ ነው፤ ከልቤ ተቀበልኩት። ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት ግን የምትፈትለውን ጥጥ አስቀመጠች። «አባትሽ የተቀበለው ብረት ነው። የሚመለሰውም ብረቱ ነው። ሰውየው ሞቶ እንኳ ቢሆን ልጅ አይጠፋውም።» ይህም ልክ ነው። ሁለቱም የተናገሩት ስለ አደራ ነው፤ ሁለቱንም ግን በአንድ ጊዜ መፈጸም አይቻልም።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላው ነገር ነው። ሰውየው መካኒክ ነበር። መፍቻውን ያዋሰው የተቸገረ ሰው ቡሎን እንዲፈታበት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ተጠቅልሎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ አንድ ቡሎን ሳይነካ መቀመጡን ቢሰማ ደስ ይለው ይሆን? ወይስ ምን አደረጋችሁት ብሎ ያዝንብናል? በሕይወት ካለ ዛሬ ሽማግሌ ነው። ልጅ ካለው ምናልባት እንደ እኔ ባትሪ ይዞለት ያደገ ልጅ ነው፤ የእጀታውን ፊደላት ገና ሲያያቸው የማን እጅ እንደመታቸው ያውቃል።

እናንተን የምለምነው ምክር ነው። ከአሰብ የመጣችሁ፣ ከመጡት ጋር የተዛመዳችሁ፣ ዛሬም እዚያ ሰው ያላችሁ በመካከላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሁለቱን ፊደላት እዚህ ብጽፋቸው ማንም ተነሥቶ የአባቴ ነው ሊለኝ ይችላል፤ በምን እለየዋለሁ? ካልጻፍኳቸው ደግሞ እውነተኛው ልጅ ይህን ቢያነብ እንኳ ስለ እሱ አባት እንደማወራ በምን ያውቃል?