ማመልከቻው ላይ «ተዋጊ ጄት» ብዬ ባልጽፍ ኖሮ

አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ 19 ቀን ባልተቃጠልኩ ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ፦ የአውሮፕላን ቪዲዮ በአዳራሽ ለማሳየት ፈቃድ ስትጠይቁ ማመልከቻው ላይ «ተዋጊ ጄት» እና «ስቴልዝ» (ስውር ማለት ነው) የሚሉትን ቃላት አትጻፉ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አውሮፕላን የምንወድ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ነን። እሁድ እሁድ ጠባሴ አካባቢ ሻይ ይዘን እንከራከራለን። ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው፤ በአየር ትርኢት ላይ የአሜሪካው ኤፍ-22 ይበልጣል ወይስ የሩሲያው ሱ-57? ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ያሳያል። በስልክ ግን አውሮፕላኑ ዝንብ ታህላለች። የሞተሩ የኋላ አፍ፣ ማለትም ኖዝሉ፣ መቼ ወደ ላይ መቼ ወደ ታች እንደታጠፈ ማን ያያል? በሰፊ ግድግዳ ላይ እያቆምን እየመለስን እንየው አልኩና ኃላፊነቱን ወሰድኩ።

ቪዲዮዎቹን በሌሊት ፓኬጅ አወረድኩ። ፕሮጀክተር ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ ተከራየሁ። አዳራሹ በነፃ ይሰጣል ተባልኩ፤ የቀረው አንድ ማኅተም ብቻ ነበር።

ማመልከቻውን በሙሉ ልብ ጻፍኩት፤ ሁለት ገጽ። የኤፍ-22ን ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያ በረራውን ማድረጉን፣ ለውጭ አገር እንዳይሸጥ በሕግ መከልከሉን ሁሉ ዘረዘርኩ። «ዓላማውን በዝርዝር ግለጹ» የሚል ወረቀት በፈቃድ ሰጪው ቢሮ በር ላይ ተለጥፎ ነበርና መመሪያውን አከበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በሁለተኛውም ስብሰባ። በአራተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ ባለሙያ ወረቀቱን ገልጠው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አውሮፕላኑ አይታይም ብለህ ጽፈሃል። የማይታይ ነገር ምን ልታሳየን ነው?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ዛሬም ሳስበው መልሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር፦ ስቴልዝ ጄት የሚሰወረው ከራዳር እንጂ ከዓይን አይደለም፤ ቅርጹና ቅቡ የራዳሩን ሞገድ ወደ መጣበት እንዳይመልስ ያደርጋሉ። እኔ ግን ደሜ ሞቆ ሃያ ደቂቃ አስተማርኳቸው። በጠረጴዛቸው ወረቀት ላይ ራዳር ሣልኩ፣ ሞገድ ሣልኩ። በሰላም ጊዜ፣ ትርኢት ላይም ጭምር፣ ሉነበርግ ሌንስ የምትባል ትንሽ አንጸባራቂ ሆዱ ላይ እየለጠፉ ሆን ብለው ለራዳር እንዲታይ እንደሚያደርጉት፣ ይህም ያለ እሷ በራዳር ምን ያህል ትንሽ ሆኖ እንደሚታይ ከሌሎች እንደሚደብቅለት ነገርኳቸው። እሳቸው ዝም ብለው አዩኝ።

«ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ?»

እዚያ ላይ ነገሩ አበቃ። አገሩ ያለበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን፤ በእኛ ሰማይ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ለትርኢት አይደለም። ስጋታቸው ይገባኛል። የማይገባኝ «አይሆንም» ለማለት አለመድፈራቸው ነው። ወደ ሌላ ቢሮ ላኩኝ። ያኛው «እኛን አይመለከትም» ብሎ መለሰኝ። ስመለስ ማመልከቻዬ ጠፍቷል። እንደገና ጻፍኩ። ጸሐፊዋ የለችም፤ ማኅተሙ ተቆልፎበታል።

በዚህ መሐል ያጣሁት ቀን ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። ቢሾፍቱ አየር ኃይል ውስጥ ዕድሜያቸውን በሞተር ጥገና ያሳለፉ አንድ ጋሼ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ሊያወያዩን ቃል ገቡልኝ። ሁለት እሁድ ጠበቁኝና ሄዱ። ጄት ሞተር በእጁ የፈታ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ በማኅተም ሰበብ አመለጠን።

በ19ኛው ቀን ጸሐፊዋ አዘነችልኝ። «ወንድሜ፣ አሳጥረው። ስለ አውሮፕላን በረራ የቪዲዮ ትምህርት በለው፤ ውሸት አይደለም።» አራት መስመር ጻፍኩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተፈረመ። ዝርዝር ይጻፍ የሚለውን መመሪያ አትስሙ፤ አጭርና እውነት የሆነ ይበቃል። ጥያቄ ሲመጣም የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ።

ምሽቱ ግን አኮራኝ። መስኮቶቹን በከተማችን ብርድ ልብስ ጋረድን፤ ብርዱንም ብርሃኑንም አስቀረልን። መጀመሪያ ድምፁን አጠፋሁት፤ አስተዋዋቂው ሲጮህ ሰው ማየት ያቆማል። ኤፍ-22 አፍንጫውን ሰቅሎ በአየር ላይ የቆመ ሲመስል ቪዲዮውን አቆምኩት። አራት ማዕዘን ኖዝሎቹ እስከ 20 ዲግሪ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋሉ፤ ክንፉ አየሩን መያዝ ሲያቅተው አፍንጫውን የሚያዞርለት የሞተሩ ግፊት ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2024 በቻይናዋ ከተማ ዙሃይ የአየር ትርኢት ላይ የበረረውን ሱ-57 አሳየሁ። ማከታተሌ ስህተት ነበር፤ አዳራሹ አሜሪካና ሩሲያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱን በተለያየ ሳምንት አሳዩ።

እኔ አቋሜን አልደበቅኩም። በትርኢት የሚታየው ጭፈራ የስቴልዝ ጄት ዋና ሙያ አይደለም። ነዳጁ ተቀንሶ፣ መሣሪያ ሳይጫን፣ ዝቅ ብሎ ይበርራል። እንዲያ ሲገለባበጥ ፍጥነቱን ያፈስሳል፤ በውጊያ ፍጥነቱን ያጣ አውሮፕላን ደግሞ ኢላማ ነው። ለሩቅ ለመምታትና ላለመታየት የተሠራን አውሮፕላን በጭፈራው ብቻ መመዘን ግፍ ነው። አንዱ ታዳጊ «እዚህ ደብረ ብርሃን ቢበርስ?» አለ። የምሽቱ ምርጥ ጥያቄ ነበር። ዙሃይ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ ነን። አየራችን ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ይቀንሳል፤ ያ የቆመ የሚመስል አፍንጫ ሰቀላ እዚህ እንደዚያ አይቀልለውም።

ማብቂያው ላይ ድምፁን ከፍቼ ለጋሼ ስልክ ደወልኩ። ኤፍ-22 ሲነሣ ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁት።

«አፍተርበርነር ከፈተ» አሉኝ ከቢሾፍቱ፤ ከሞተሩ ኋላ ተጨማሪ ነዳጅ እያቃጠለ ግፊት የሚያበዛውን ክፍል ማለታቸው ነው። «ሁለቱንም።»

ለሚቀጥለው ጊዜ ማመልከቻውን ዛሬ አስገብቻለሁ፤ አራት መስመር ነው። ጋሼ ለፋሲካ ይመጣሉ።